እትዬ ይቀመጥ እና ቢጫው ጃኬት

በየዘመዱ መሃል፣ ልብስ ይሞታል ብላ የማታምን አንዲት ሴት አትጠፋም። እኛ ዘንድ የለችም የሚል ካለ፣ ወይ ዘመድ የለውም፣ ወይ የቤቱን ቁም ሳጥን ከፍቶ አያውቅም። እሷ ባለችበት ቤት ካልሲ እንኳ ሹመት ይቀይራል እንጂ አይሞትም። ወጣትነቱን እግር ላይ ያሳልፋል፤ ተረከዙ ሲሳሳ ለመስታወት መወልወያነት ይታጫል፤ ቀጥሎ ወደ ጫማ ዝቅ ይላል፤ በስተርጅናው ታጥቦ ትራስ ውስጥ ይገባና በክብር ጡረታ ይወጣል።

በአንዲት የጥርስ ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ልጅ ቤተሰብ ውስጥ ይህን ከፍተኛ ሥልጣን የያዙት የእናቷ ታናሽ እህት ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ዘመዱ ግን እሳቸው በሌሉበት የሚጠራቸው እትዬ ይቀመጥ እያለ ነው። ተበጥሶ የወደቀ ቁልፍ ሲያሳዩአቸው «ይቀመጥ» ይላሉ። ጥርሱ የረገፈ ዚፕ፣ «ይቀመጥ»። አንድ እጅጌ ብቻ የቀረው ሹራብ፣ «ይቀመጥ፣ ገና ዕድሜ አለው»። አንድ ጊዜ የልጅቱ አባት፣ ሹራቡ አንድ እጅ ያለው ሰው እስኪመጣ ነው ወይ የሚቀመጠው ብለው ቢጠይቁ፣ እትዬ ይቀመጥ ትንሽ አሰቡና፣ እጅጌው የእግር ማሞቂያ እንደሚወጣው፣ አካሉም ለጀርባ ትራስ እንደሚሆን አስረዱ። በማግስቱ ሁለቱም ሆነው ተገኙ። አባትየው እስከ ዛሬ የሚደገፉት እሱን ነው።

ሱቅ ሲገቡ ሻጮች እንደ ተፈታኝ ተማሪ ይጨነቃሉ። እትዬ ይቀመጥ ልብስን ከፊቱ አያዩትም፤ ገልብጠው ከውስጡ ያነቡታል። ስፌቱን በጥፍራቸው ይፈትሻሉ፣ ቁልፉን ነቅነቅ ያደርጋሉ፣ ከዚያ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አውርደው ሻጩን ይመለከቱታል።

«ማን ሰፋው?»

ሻጩ የአንድ አገር ስም ይጠራል።

«አገር መርፌ አይይዝም፤ የሰፋው ሰው ነው። ማን?»

ሻጩ በመኪና ነው የተሰፋው ይላል። ያኔ መኪናዋን ማን እንደሚያንቀሳቅሳት፣ የምታንቀሳቅሳትስ ሴት ምሳዋን በልታ እንደሆነ፣ ወገቧን የምታሳርፍበት ወንበር ድጋፍ ይኑረው አይኑረው ይጠየቃል። ሻጩ ላብ ላብ ይለዋል። አንዱ ከዚያ ቀን በኋላ ሥራውን ትቶ የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ተቀጠረ ይባላል፤ ሚስማርን ማን ሠራው ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም በሚል ተስፋ። ይኸው ሰው ሳምንቱ ሳይሞላ እትዬ ይቀመጥ ሚስማር ሊገዙ ሲገቡ አያቸውና ከመደርደሪያው ጀርባ ጎንበስ አለ።

ስስት እንዳይመስል። የራሳቸውን ኮት አውልቀው ለማያውቁት ሰው ሲሰጡ ታይተዋል። ታክሲ ውስጥ፣ ቁልፉ በአንድ ክር የተንጠለጠለ ጎልማሳ አጠገባቸው ሲቀመጥ፣ «ፈቃድህ ይሁን» ብለው መርፌያቸውን አውጥተው ሰፍተውለታል፤ ሰውየው መውረጃው ቢያልፍም ክሩ እስኪቋጠር መላወስ አልቻለም ነበር። የእሳቸው ክርክር ሌላ ነው። ሰው ዓይኑን አፍዝዞ፣ ጣቱን ወግቶ የሰፋውን ነገር፣ በሁለት እጥበት አሮጌ ብሎ መጣል ስድብ ነው ይላሉ። ማንን እንደሆነ ባናውቅ እንኳ አንድ ሰው ተሰድቧል።

ብርዱ ለቀቅ አድርጎ ጸደይ ሲገባ ደግሞ የእትዬ ይቀመጥ ወቅት ነው። ሌላው ሰው መስኮት ሲከፍት እሳቸው ቁም ሳጥን ይከፍታሉ፤ የራሳቸውን ብቻ ሳይሆን የዘመዱን ሁሉ። ትልቁን ቦርሳቸውን አንግተው፣ የክር ሣጥናቸውን በብብታቸው ይዘው ከች ይላሉ። ቤተሰቡ ይህን ቀን ችሎት ይለዋል። ልብሱ ሁሉ አልጋ ላይ ይከመራል፤ አንድ በአንድ ይጠራል፤ ባለቤቱ መቼ እንደለበሰው ይመሰክራል። የማይለበሰው ለሚለብሰው ይፈረዳል፣ የተቀደደው ይጣፋል፣ የሰፋው ይጠባል፣ ኮሌታው የነተበው ተፈትቶ በጀርባው ይገለበጣል። ያለ ፈቃድ የተገዛ አዲስ ልብስ ከተገኘ ነገር ይበላሻል። የልጅቱ አባት አንድ ዓመት አዲስ ሱሪያቸውን ፍራሽ ሥር ሸሽገው ነበር። እትዬ ይቀመጥ ፍራሹ ላይ ቁጭ አሉ፣ ተነሥተው እንደገና ተቀመጡ።

«ይሄ ፍራሽ» አሉ፣ «ኪስ አለው።»

በዚያ ቤተሰብ ደግሞ አንድ ልማድ አለ። ልብስ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፍ፣ የተቀበለው ሰው በጠርዙ እጥፋት ውስጥ በራሱ ቀለም ክር አንዲት አጭር ስፌት ይጥልበታል። እያንዳንዱ የራሱ ቀለም አለው። የታላቂቱ አክስት ሰማያዊ ነው፣ የልጅቱ እናት ቀይ፣ የልጅቱ አረንጓዴ። የእትዬ ይቀመጥ ነጭ ነው። ከእህቶቻቸው የመጨረሻዋ ስለነበሩ ተራው እሳቸው ዘንድ ሲደርስ ደማቅ ደማቁ ክር ተወስዶ አልቆ ነበር። አንድ አሮጌ ቀሚስ ተገልብጦ ጠርዙ ሲታይ እንደ ዘር ሐረግ ይነበባል፤ ሰማያዊው ይቀድማል፣ ሌሎቹ ይከተላሉ፣ ነጩ ጫፍ ላይ ይቆማል።

ልጅቱ ሥራ ማግኘቷ የተሰማው ጸደይ ሊገባ ሲል ነበር። እንግዳ ተቀባይ ማለት ሰው መጀመሪያ የሚያየው ፊት ነውና ልብሱም እንዲሁ ነው። እትዬ ይቀመጥ ጉዳዩን በእጃቸው አደረጉት። የእህታቸውን ግራጫ ቀሚስ አሳጠሩ፣ ሁለት ሸሚዝ ገለበጡ፣ ከሁሉም በላይ የአባትየውን የድሮ ኮት ከነገበሩ ፈትተው፣ ትከሻውን አጥበው፣ ወገቡን ሰብስበው ለልጅቱ ልክ አደረጉት። ለዚህ ሥራ ሌላውን ሁሉ ትተው ሰነበቱ። ሲጨርሱ ከፊቷ ቆመው፣ አንገታቸውን ወደ ጎን አዘንብለው አዩአትና፣ ይቺን ልጅ እንግዲህ እስከ ጡረታዋ አልብሻታለሁ አሉ።

ኮቱ ያምር ነበር፤ ክፋቱም እሱ ነው። ባያምር ኖሮ ማኩረፍ ይቻል ነበር።

ልጅቱ መስታወቱ ፊት ቆማ እጇን ኪሱ ውስጥ ከተተች፤ ኪሱን በአባቷ ጣቶች ልክ ሰፍቶ አገኘችው። ከተወለደች ጀምሮ የለበሰችው ልብስ ክርኑ የሌላ ሰው ክርን ነው፣ ጉልበቱ የሌላ ሰው ጉልበት ነው። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ማንም እጁን ያልከተተበት ኪስ አማራት። ምኞቷ ይኸው ነበር፤ ትንሽ ነገር፣ ግን ለአክስቷ ብትናገረው ትልቅ ክህደት የሚሆን።

ቆይታ ቆይታ፣ አንድ ቀን ከሥራ ስትወጣ ሱቅ ገባች። የሚያምር ጃኬት አነሣች፤ ልትከፍል ስትል ግን አፏ ሳታዘው ተከፈተና «ማን ሰፋው?» አለ። ሻጩ አፍጥጦ አያት። አፍራ ወጣች። ሁለተኛውም ሱቅ እንዲሁ ሆነ። ሦስተኛው ጋ አፏን በእጇ ይዛ ልትጨክን ሞከረች፤ ግን እጇ በፈንታው ጃኬቱን ገልብጦ ስፌቱን በጥፍሩ ይፈትሽ ጀመር። አክስቷ አብረዋት ባይኖሩም ውስጧ ገብተው ተቀምጠዋል።

ተስፋ ቆርጣ ወደ ክሊኒኩ ሕንፃ ተመለሰች፤ ጃንጥላዋን ረስታ ነበር። ከደረጃው ሥር፣ በየቀኑ የምታልፋት አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። በሩ ተከፍቷል፤ ውስጥ አንዲት ልብስ ሰፊ መኪናዋ ላይ አጎንብሳለች፤ ከግድግዳው ላይ ከሩቅ የምትጣራ ቢጫ ጃኬት ተሰቅላለች።

«ይሄን ማን ሰፋው?» አለች ልጅቱ፣ ተስፋ ሳይኖራት።

ልብስ ሰፊዋ ስፒል በከንፈሯ እንደያዘች፣ ቀና ሳትል፣ «እኔ። ምነው፣ ጉድለት አለው?» አለች።

እንግዲህ በዚህ ላይ ምን ይባላል። ጃኬቷ ተገዛች። እጇን ስትከት ኪሱ ቀዝቃዛ ነበር፤ ማንም አላሞቀውም። ልጅቱ ደረጃው ላይ ቆማ ብቻዋን ሳቀች።

ደስታዋ ቤት ደጃፍ ድረስ ነው የቆየው። ያ ሁሉ የተደከመበት ኮት ገና ዕድሜ እያለው አዲስ ነገር ይዞ መግባት አክስትየውን ምን እንደሚያደርጋቸው ታውቃለች። አይጮሁም፤ መርፌያቸውን ሣጥኑ ውስጥ መልሰው ይሄዳሉ። ያንን ከማየት መሞት ይሻላል። ስለዚህ ይህ ቤተሰብ ብቻ ሊፈጽመው የሚችል ወንጀል ፈጸመች። ሌላው ሰው አሮጌውን አዲስ ለማስመሰል ይደክማል፤ እሷ አዲሱን አሮጌ ለማስመሰል ተነሣች። ጃኬቷን ደጋግማ አጠበቻት። የጃኬቷን ክርን በእግር መፈግፈጊያ ድንጋይ አሸች። ከዚያ ጠርዙ ውስጥ ሐምራዊና ብርቱካንማ ክር ሰፋች፤ በዓለም ላይ የሌሉ የሁለት ሴቶች ክር። ከነሱ ቀጥሎ የራሷን አረንጓዴ ጣለች።

ለአክስቷ የጓደኛዬ ታላቅ እህት ናት የሰጠችኝ አለች፤ ወፍራ ጠበባት አለች። ሰዎች ሲዋሹ ለምን ሁልጊዜ ሰው እንደሚያወፍሩ አይታወቅም።

እትዬ ይቀመጥ ጃኬቷን ገለበጡ። ሐምራዊውን አዩ፣ ብርቱካንማውን አዩ፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«እነሱም ቤት ክር አለ?»

ልጅቱ ይህን አላሰበችበትም ነበር። አለ አለች፤ ሌላ ምን ትላለች።

ከዚያ ወዲያ ያቺ የሌለች ታላቅ እህት የቤቱ ሰው ሆነች። እትዬ ይቀመጥ በየዘመዱ ቤት የልብስ አያያዝ ምሳሌ አድርገው ይጠቅሷታል። ኮቱስ ቅር አልተሰኘም፤ ለብርድ ይቀመጥ ተባለ። እትዬ ይቀመጥ ልጅቱን ባገኟት ቁጥር ያቺ ልጅ ደህና ናት ወይ፣ ውፍረቱስ ከጤና ነው ወይ ይላሉ። ልጅቱም ደህና ናት ትላለች፤ እየዋለ እያደረ ግን የሴትየዋ ነገር ይበዛ ጀመር፤ አገባች፣ ሌላ ከተማ ሄደች፣ አንድ ጊዜማ ጉንፋን ያዛት። በመጨረሻ እትዬ ይቀመጥ የራሳቸውን ሹራብ ተርትረው ሻርፕ ሠሩላትና አድርሺልኝ አሉ። ልጅቱ ሻርፑን የክሊኒኩ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት።

የሚፈራው ነገር የመጣው በጥርስ በኩል ነው። የእትዬ ይቀመጥ መንጋጋ ጥርስ አመማቸው። ሐኪሙ ቀደም ብሎ አይቶት ይነቀል ብሏል፤ እሳቸው ግን ለጥርስም ቢሆን ፍርድ በአንድ ችሎት አያልቅም ብለው ይግባኝ ሊጠይቁ መጡ። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ፣ ጉንጫቸውን በእጃቸው ደግፈው፣ ከሌሎች ጉንጫቸውን ከደገፉ ሰዎች መሃል ተቀመጡ። የእህታቸው ልጅ በቢጫ ጃኬቷ ከጠረጴዛው ኋላ ሆና ስልክ ስትመልስ በኩራት ያዩዋታል። አጠገባቸው ላለው ሰው ሁሉ ያቺ ጃኬት ሦስተኛ ባለቤቷ ላይ መሆኗን፣ ግን ስፌቷ ንቅንቅ እንዳላለ ይተርካሉ።

በሩ ተከፈተና ልብስ ሰፊዋ ገባች። ጥርስ ልታስሞላ ነው። ልጅቱን ስታይ ፊቷ በራ።

«እሰይ፣ አማረብሽ» አለች። ከዚያ ቀረብ ብላ ክርኑን ያዘችና ደነገጠች። «ምን አገኘው? በቅርቡ እኮ ነው ከእጄ የወጣው። እህቴ፣ ይሄ ጨርቅ እንዲህ የሚሳሳ አይደለም፤ ምን አደረግሽው?»

ልጅቱ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት። ጉንጫቸውን የደገፉት ሰዎች ሕመማቸውን ለጊዜው ረሱት። እትዬ ይቀመጥ ቀስ ብለው ተነሡ፤ እጃቸው ከጉንጫቸው ወረደ። ወደ ልጅቱ የሚሄዱ መስለው ነበር። አልሄዱም። ልብስ ሰፊዋ ፊት ቆሙ።

«አንቺ ነሽ የሰፋሽው?»

«አዎ እማማ፣ እኔ ነኝ።»

«ራስሽ?»

«ከኮሌታው እስከ ቁልፉ።»

እትዬ ይቀመጥ ዕድሜ ልካቸውን በየሱቁ ሲጠይቁ የኖሩት ጥያቄ፣ አንድም ቀን መልስ አግኝቶ አያውቅም ነበር። መልሱ አሁን ፊታቸው ቆሟል፤ ጥርሱን ያመዋል፣ ትከሻው ላይ የክር ብጣሽ ተለጥፎበታል። የሴትየዋን እጅ ሁለት እጃቸው ውስጥ አስገብተው ጣቷን አገላብጠው አዩ፤ መርፌ የወጋውን ቦታ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ምሳ ትበያለሽ ወይ አሏት። እበላለሁ አለች። ተቀምጠሽ ወይ? ደንበኛ ካላጣደፈኝ አለች። ክፍልሽ መስኮት አለው? አንድ አለ። ወንበርሽስ ድጋፍ አለው? ልብስ ሰፊዋ ይሄኛውን ስትሰማ ሳቀች፤ የለውም አለች። እትዬ ይቀመጥ የጀርባ ትራስ እንደሚያመጡላት እዚያው ቃል ገቡ። ከየትኛው ሹራብ እንደሚሆን አስበው እንደጨረሱ ከፊታቸው ያስታውቃል።

ሐኪሙ ብቅ ብሎ ተራዎ ነው ሲላቸው፣ «ይቀመጥ፣ ገና ዕድሜ አለው» አሉት። ሐኪሙ ጥርሱን ይበሉ እሱን ራሱን አልገባውም።

ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ዞሩ። ልጅቱ ጃኬቷን አውልቃ ሰጠቻቸው። ወንበር ስበው ተቀመጡ፣ ትንሿን መቀስ አወጡ፣ ጠርዙን ገለበጡ።

«እነዚህ ሁለቱ እነማን ናቸው?»

«ማንም አይደሉም፣ አክስቴ።»

«ያቺ ጉንፋን የያዛትስ?»

«እሷም።»

ሐምራዊው ተቆረጠ። ብርቱካንማው ተቆረጠ። እትዬ ይቀመጥ ብጣሾቹን መሬት አልጣሏቸውም፤ ሣጥናቸው ውስጥ ከተቷቸው፤ ክር ምን አጠፋ። አረንጓዴው ብቻውን ቀረ።

ልጅቱ ተቆጡኝ ወይ አለች።

«ድንጋይ ስላስነካሽው ተቆጥቻለሁ። ይሄን የመሰለ ስፌት በድንጋይ። ደግሞ ያቺ ሻርፕ፣ ለዚች ሴት ስጪያት፤ አንገቷ ባዶ ነው።» ከዚያ አረንጓዴውን ክር በጣታቸው ዳሰስ አደረጉት። «አዲስ መልበሱንስ፣ አንድ ሰው ቀድሞ ካልለበሰው እኛ የኋለኞቹ ምን እንለብሳለን?» ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንደ ሕፃን ልጅ፣ «ደስ ይላል እንዴ፣ የመጀመሪያ መሆን?» አሉ።

ልጅቱ ያኔ ነጩ ክር ትዝ አላት። በስንት ቀሚስ፣ በስንት ሹራብ ጠርዝ ላይ አይታዋለች፤ ሁልጊዜ ጫፍ ላይ፣ ሁልጊዜ ከሁሉም ኋላ። አንድም ቀን ከሌላ ክር ቀድሞ አይታው አታውቅም።

ደስ ይላል አለቻቸው። ሌላ ውሸት አላስፈለጋትም።

አሁን እትዬ ይቀመጥን አዲስ ልብስ ያሰፉ ማለት ፀሐይን ወደ ኋላ ተመለሺ እንደ ማለት ነው። ልጅቱና ልብስ ሰፊዋ ግን መከሩ። ሰበብ መፈለግ እንኳ አላስፈለገም፤ እውነቱ በቃ። ከዚያው ቢጫ ጨርቅ የተረፈ አለ፤ ለሌላ ሰው ልክ አይሆንም፣ ሊጣል ነው አሏቸው። እትዬ ይቀመጥ ሊጣል የሚለውን ሲሰሙ እንደ ተጠራ ሰው ብድግ አሉ። እንዴት ተደርጎ ነው የሚጣለው? ይቀመጥ እንጂ። የት ይቀመጥ? ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን ይዛ ትከሻቸውን ለካች፤ እርስዎ ላይ ይቀመጥ አለቻቸው። አዲስ መሆኑን የነቁት እጅጌው ሲገባላቸው ነው፤ ያኔ ደግሞ ዘግይቷል፤ እጃቸው ኪሱን አግኝቶታል።

ያን ጸደይ የዚያ ሰፈር ሰው ሁለት ቢጫ ሴቶች ጎን ለጎን ሲሄዱ አየ። አንዲት መንገደኛ አስቁማ ጃኬቱን ከየት እንደገዙት ብትጠይቃቸው፣ እትዬ ይቀመጥ ከየት አይባልም፣ ማን ሰፋው ነው የሚባለው አሉና ክንዷን ይዘው ደረጃው ሥር አደረሷት። ከዚያች ሴት በኋላ እየተመለመሉ የመጡት ጥቂት አልነበሩም። ልብስ ሰፊዋ ጀርባዋን ትራሱ ላይ አስደግፋ፣ ሻርፑን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ ስፒል በከንፈሯ ይዛ ለሁሉም «እኔ» እያለች ትመልሳለች።

ጃኬቱ የተጠናቀቀ ዕለት ግን፣ ልጅቱ ቤት፣ እትዬ ይቀመጥ የክር ሣጥናቸውን ከፍተው ነበር። አሁን ተራ የሚቀማቸው ማንም የለም፤ ቀለሙ ሁሉ ተደርድሯል። እጃቸው ቀዩ ላይ ቆመ፣ ሰማያዊውን አለፈ፣ ተመልሶ ነጩን አነሣ። ባዶው ጠርዝ ላይ አንዲት አጭር ስፌት ጣሉ፣ ቋጠሩ፣ በጥርሳቸው በጠሱ፤ በዚያው በተረፈው መንጋጋ። ከዚያ ጠርዙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅርበው ብዙ አዩት። ነጩ ክር ብቻውን ነበር፤ ከፊቱ ማንም የለም።

ዓይናቸውን ጠረግ አድርገው ወዲያው ወደ ልማዳቸው ተመለሱ። ከእሳቸው በኋላ ይቺ ጃኬት የልጅቱ እንደሆነች፣ እጅጌዋ እንደሚረዝምላት፣ እንዲያውም አሁኑኑ ትለካትና ምልክት እንደሚያደርጉ ተናገሩ። ጃኬቷን ዘረጉላት።

ልጅቱ ተቀበለቻቸው፣ ከኋላቸው ዞረች፣ መልሳ ትከሻቸው ላይ አደረገችላቸው፤ ኮሌታውን አስተካከለች።

«ይቀመጥ፣ አክስቴ» አለች። «ገና ዕድሜ አለው።»